ሳንቲሙ ለምን ይመለሳል?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጥግ ላይ ያገለገለ የለስላሳ ማሽን ነበረን፤ እኔና የአክስቴ ልጅ እኩል አዋጥተን የገዛነው። ጤነኛ ሲሆን ኳርተር፣ ማለትም 25 ሳንቲሟ፣ ሲገባበት አንዴ ጢቅ ብሎ ዝም ይላል፤ ሳንቲሟ ቱቦዋ ውስጥ ተኛች ማለት ነው። ሲያመው ድምፁ ይረዝማል። ጢቅ፣ ጢቅ፣ ከዚያ ክልልል ብላ ታች ከመመለሻው ጎድጓዳ ትወርዳለች። የአክስቴ ልጅ ከማድረቂያዎቹ ወዲያ ቆሞ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ በድምፁ ብቻ ይፈርድ ነበር። «በላ» ይላል፤ ወይም «ተፋ» ይላል። ሳንቲሙ ሳይመለስ፣ ሂሳቡም መስኮቱ ላይ ሳይታይ ሲቀር ደግሞ ሦስተኛ ቃል ነበረው፤ «በልቶ ካደ»።

በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች ይህን ሳንቲም ተቀባይ ክፍል «ኮይን ሜክ» ይሉታል፤ እኛም «ሜኩ» እያልን እንቀጥል። ሜኩ አልቀበልም ሲል ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ ሦስት ዓይነት መልስ ይሰጣል። በየሕንፃው ብዙ ማሽን ያስቀመጡ ነጋዴዎች «ንቀለውና ቀይረው» ይላሉ፤ ጊዜያቸው ከሜኩ ዋጋ ይበልጥባቸዋል። አንድ ሁለት ማሽን ያለን ሰዎች «እጠበው» እንላለን፤ አልኮልና የጆሮ ጥጥ ርካሽ ነው። ጥገና ቤቶች «ላኩልን፣ ልኩን እናስተካክለው» ይላሉ። ሦስቱም አንዳንዴ ልክ ናቸው። ሦስቱም ግን ሳንቲሙ በየት በኩል ሄዶ የት እንደቀረ ሳይጠይቁ ቀጥታ ሜኩን ይከሳሉ። እኔ ከሁለት የባከኑ ቅዳሜዎች በኋላ የደረስኩበት ነገር ቢኖር መንገዱን መከተል እንደሚሻል ነው። ተፋ፣ በልቶ ካደ፣ መልስ ከለከለ የሚሉት ሦስት አቤቱታዎች የሚመጡት ከሦስት የተለያዩ ሰፈሮች ነው።

አራተኛም መልስ አለ፤ ጡጫ። አዲስ አበባ ውስጥ ሳንቲም የሚበላ የሕዝብ ስልክ የደረሰበት ሰው ይህን መፍትሔ ያውቀዋል። አልፎ አልፎ ይሠራል መባሉም ሐሰት አይደለም፤ ሐዲዱ ላይ ተጣብቃ የቀረች ሳንቲም በንዝረት ትለቃለች። ነገር ግን ጣሳ የሞላ የለስላሳ ማሽን ከ350 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ማሽን ሲነቀንቁ ተደፍቶባቸው የሞቱ ሰዎች አሉ፤ በብዙ ማሽኖች ፊት ላይ የተለጠፈው የማስጠንቀቂያ ሥዕል የቀልድ አይደለም።

አሌክሳንድሪያ የሚለው ስም ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አለመሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል። በግብጿ እስክንድርያ፣ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሄሮን የተባለው ጠቢብ በሳንቲም የሚሠራ የቤተ መቅደስ ውኃ ማከፋፈያ በጽሑፍ ትቷል። የአምስት ድራክማ ሳንቲም ከላይ ሲጣል በሚዛን እንጨት ጫፍ ላይ ካለች ሳህን ላይ ያርፋል፤ ሳህኗ ስትወርድ ሌላው ጫፍ ተነሥቶ የውኃውን መክደኛ ይከፍታል፤ ሳንቲሙ ተንሸራቶ ሲወድቅ መክደኛው ይዘጋል። ብልህ ሥራ ነው፤ ግን ዳኛ የለውም። ጠጠር ቢጥሉበትም ውኃ ይሰጣል። በእኛ አገር ገበያ ደግሞ ሜኩ ሰው ነበር። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነውን የማርያ ትሬዛ ብር ነጋዴው ዝም ብሎ አይቀበልም፤ የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ ፍሬ ፍሬውን ያያል፣ ያለቀና የደበዘዘ ከሆነ ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብር እንኳ ይህን የለመደ ዓይን ቶሎ ማሳመን አልቻለም።

የነጋዴውን ዓይን በብረት የተኩት የድሮ ሜኮች ኤሌክትሪክ አያውቁም ነበር። አንዱን ፈትቶ ያየ ሰው መቼም አይረሳውም። ሳንቲሙ መጀመሪያ ትንሽ አልጋ የመሰለች ሚዛን ላይ ያርፋል፤ ቀላል ከሆነ አልጋዋ አታዘነብልለትም፣ ትልቅ ከሆነ አያልፍም። ካለፈ ተዳፋት ሐዲድ ላይ እየተንከባለለ በማግኔት ፊት ይሄዳል። ብረት ከሆነ እዚያው ይጣበቃል። ንጹሕ መዳብ ከሆነ ማግኔቱ ባይስበውም በውስጡ በሚቀሰቅሰው ኤሌክትሪክ ምክንያት ፍሬን እንደተያዘበት ይዘገያል። ትክክለኛው ቅይጥ ትክክለኛውን ፍጥነት ይዞ ይወርድና አንዲት የብረት ጉብታ ላይ ነጥሮ መለያዋን ይሻገራል፤ የዘገየው ከመለያዋ ወዲህ፣ የፈጠነው ከሚገባው ወዲያ ይወድቃል። መመለሻውን ማንሻ ሲጫኑ የሐዲዱ ግድግዳ በሙሉ ይከፈትና የተጣበቀውን ሁሉ ጠርጎ ይጥላል። ዛሬም ማሽኑ ፊት ላይ ያለችው ማንሻ ወይም ቁልፍ የዚያ ዘመን ቅርስ ናት። ይህችን ማንሻ አስታውሷት፤ እንመለስባታለን።

የኋለኞቹ ሜኮች በአልጋውና በጉብታው ፋንታ ጥቅል ሽቦ ይጠቀማሉ። በሽቦዎቹ ውስጥ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይመላለሳል፤ ሳንቲሙ በመካከላቸው ሲያልፍ ምልልሱን ያዛባዋል። ዝግ ያለው ሞገድ እስከ ሳንቲሙ እምብርት ዘልቆ ይሰማል፣ ፈጣኑ ቆዳውን ብቻ ይዳስሳል። ሜኩ የተገኘውን ቁጥር በሆዱ ካስቀመጠው ልክ ጋር ያስተያያል። ኳርተር 24.26 ሚሊ ሜትር ስፋትና 5.67 ግራም ክብደት አላት፤ አምስት ሳንቲሟ ኒክል 21.21 ሚሊ ሜትርና 5 ግራም፤ አሥር ሳንቲሟ ዳይም 17.91 ሚሊ ሜትርና 2.268 ግራም። አዲስ የመጣ ሐበሻ ሁሉ አንድ ቀን የሚሳሳትበት ነገር እዚህ አለ፤ ዳይም ከኒክል ታንሳለች፣ ዋጋዋ ግን እጥፍ ነው። ሜኩ በዚህ አይሳሳትም።

አሁን ወደ ሕመሙ። ተፋ የሚለው አቤቱታ ከሁሉ የሚበዛው ነው፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም ሁሉንም ነው የሚተፋው ወይስ አንዳንዱን የሚለው ነው። ሁሉንም፣ ያለ ልዩነት፣ ወዲያው የሚተፋ ከሆነ ሜኩን ለመክሰስ አትቸኩሉ። በሜኩ ውስጥ ያለችው የመቀበያ በር በሞላ ተይዛ የምትኖረው ወደ መመለስ በኩል ነው። እንድትቀበል ኃይልም ፈቃድም ያስፈልጋታል። ኃይል ከሌለ ትመልሳለች፣ ከዋናው ቦርድ ፈቃድ ካልመጣ ትመልሳለች። ቦርዱ ደግሞ ፈቃድ የሚነሳበት የራሱ ምክንያት አለው። ዕቃው ሁሉ አልቋል ብሎ ካመነ፣ ወይም የማውጫ ሞተሮቹ ተይዘውበት የሚሸጠው ከሌለው፣ ገንዘብ ተቀብሎ ከመጣላት ቀድሞ መዝጋትን ይመርጣል። ስለዚህ ከሳንቲሙ በፊት አንድ ዶላር በወረቀት መቀበያው ሞክሩ። እሱም ካልተቀበለ በሽታው ከሁለቱም በስተጀርባ ነው።

ገመዱን ማየት ቀላል ሥራ ነው። ዛሬ በብዛት የሚገኘው፣ ሜኩንና ቦርዱን የሚያነጋግረው ኤምዲቢ የተባለው ሥርዓት ስድስት ቦታ ያለው ሶኬት አለው፤ በ1ኛውና በ2ኛው መካከል ቴስተር ሲያስገቡ 34 ቮልት ገደማ ዲሲ መገኘት አለበት። ኃይሉ ካለና ሜኩ ዝም ካለ የቀሩትን የመነጋገሪያ ሽቦዎች መጠርጠር ነው፤ ብዙ ጊዜ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚተጣጠፈው ቦታ ላይ ይበጠሳሉ። ከድሮዎቹ ማሽኖች ግን ወደ ሜኩ ቀጥታ የግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚልኩ አሉና ሶኬቱን ሳይለዩ መነካካት አያዋጣም። ሜክ ሲነቀልም ሲሰካም ማሽኑ ጠፍቶ ይሁን።

እኛን ሁለት ቅዳሜ ያቃጠለን ማንሻዋ ናት። ማሽኑ አንድ ጠዋት ሁሉንም መትፋት ጀመረ። አጠብነው፤ ተፋ። ገመዱን ለካን፤ ደህና ነው። በሳምንቱ ያገለገለ ሜክ ገዝተን ሰቀልን፤ እሱም ተፋ። ሰውዬውን «የተበላሸ ሸጥክልን» ብለን ልንጣላ ስልክ ካነሣን በኋላ የአክስቴ ልጅ አዲሱን ሜክ ከተሰቀለበት ሦስት ብሎን አወረደውና፣ ገመዱ እንደተሰካ በእጁ እንደያዘው፣ ከላይ ኳርተር ጣለበት። ጢቅ። መስኮቱ ላይ 0.25። ሌላ ጣለ፤ 0.50። መልሶ ሰቀለው፤ ተፋ። ከዚያ ባትሪ ይዘን ጎን ለጎን ሆነን ብናይ፣ ከፊት ያለው የመመለሻ ቁልፍ የሚገፋው የብረት ዘንግ ጫፉ ታጥፎ የሜኩን ማንሻ በጥፍር ውፍረት ያህል ተጭኖታል። ሜኩ ያለማቋረጥ «መልስልኝ» እየተባለ ነበር፤ ታዝዞ መለሰ። ዘንጉን ማን እንዳጠፈው አልታወቀም፣ ጡጫ ግን ይመስላል። በፒንሳ ቀና አደረግነው። አሮጌው ሜክም ምንም እንዳልነበረው ታወቀ፤ ሻጩን ይቅርታ ጠይቀን አዲሱን ለመጠባበቂያ አስቀመጥነው። ሜኩን በእጅ ይዞ መሞከር የሚለውን ዘዴ ከማንም መጽሐፍ በፊት የማስቀድመው ለዚህ ነው። በእጅ ከሠራና ሲሰቀል ከተፋ ጥፋቱ የማንሻው፣ ወይም ሳንቲሙን ከቀዳዳው ወደ ሜኩ የሚያወርደው መተላለፊያ አለመግጠም፣ ወይም ማሽኑ ወለሉ ላይ ተንጋዶ መቆሙ ነው።

አንዳንዱን ተቀብሎ አንዳንዱን የሚተፋ ከሆነ ግን «እጠበው» ባዮች ያሸንፋሉ። የሰው እጅ ላብ፣ የኪስ ብናኝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የፈሰሰ ለስላሳ። ስኳሩ ሐዲዱ ላይ ደርቆ ሳንቲሟን ያዘገያታል፤ የዘገየች ሳንቲም ደግሞ ለሴንሰሮቹ ሐሰተኛ ትመስላለች። ኃይሉን አጥፍቶ፣ የሜኩን ፊት ከፍቶ፣ ሐዲዱንና ሁለቱን ግድግዳዎች በአልኮል በራሰ ጨርቅ፣ የሴንሰሮቹን መስኮት በጆሮ ጥጥ ማጽዳት ነው። ዘይት መንፋት ግን ጥፋት ነው፤ ለአንድ ቀን ይሠራል፣ በሳምንቱ አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ነገር ጋራዥ ከሠሩ ወዳጆቼ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ እነሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ዘይት የሚጠማው ይመስላቸዋል።

ታጥቦም አንድ ዓይነት ሳንቲም ብቻ፣ ለምሳሌ ዳይምን ብቻ፣ የሚተፋ ሜክ ካለ «ላኩልን» የሚሉት ትክክል ናቸው። ልኩ ዘምሟል፤ በጠረጴዛ ላይ የሚስተካከል አይደለም።

በልቶ ካደ የሚለው በብዛት አይገጥምም፣ ጠብ የሚያመጣው ግን እሱ ነው፤ ደንበኛው ተሰርቄያለሁ ብሎ ነው የሚመጣው። ሳንቲሙ ፈተናውን አልፏል፣ በሩም ተከፍቶለታል፤ ነገር ግን ካለፈ በኋላ «አየሁት» ማለት ያለበት ሴንሰር አላየውም፣ ወይም ሳንቲሙ እዚያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከበሩ በታች ሴንሰር የተጨመረው በሌቦች ምክንያት ነው፤ ሳንቲም በክር አስረው አስገብተው፣ ሂሳቡ ሲታይ መልሰው የሚስቡ ነበሩ። ሌላውን ምክንያት ስናገር አፍራለሁ። ቱቦዎቹ ሲሞሉ ትርፉ ሳንቲም ወደ ታችኛው ሳጥን ይወርዳል፤ ሳጥኑ ሞልቶ ካልወሰዱት ሳንቲሙ መውረጃው ላይ እየተደራረበ ወደ ላይ ይወጣና ሜኩን ያንቀዋል። አንድ ጊዜ ከበዓል በኋላ ማሽኑን ስንከፍት ያገኘነው ይህንን ነው። ካጁ ማሽኑ አልነበረም ማለት ነው፤ እኛ ነን የረሳነው።

መልስ ከለከለ የሚለው ሰፈር ቱቦዎቹ ናቸው፤ ብዙ ሰው የማያየው ብልጠት ያለውም እዚህ ነው። ተራው የአሜሪካ ሜክ ለኒክል፣ ለዳይምና ለኳርተር ቱቦዎች አሉት፤ ከእያንዳንዱ ቱቦ በታች በኩል ሳንቲሙ ማነሱን የሚያይ ሴንሰር አለ። ሲያንስ «ልክ ዝርዝር ብቻ» የሚለው መብራት ይበራል። ከዚህ በኋላ ብዙ ማሽን የወረቀት ገንዘብም አይቀበልም፤ ለዶላሩ መልስ ከየት ያመጣል? ባለቤቱ ግን የሚያየው ዶላር መለስ ቀለስ ሲል ነውና የወረቀት መቀበያውን ፈትቶ ያጥባል፣ ይቀይራል፣ ይሳደባል። የጎደለው የሁለት ዶላር ኒክል ነው። ዋጋውን ሁሉ በ25 ሳንቲም እጥፍ ያደረጉ ሰዎች ከዚህ ግማሽ ራስ ምታት ያመልጣሉ፤ መልሱ በኳርተር ብቻ ያልቃል።

ቱቦ አሞላሉም ክርክር አለበት። ቸኩሎ ሽፋኑን ከፍቶ በእፍኝ የሚገለብጥ አለ፤ በላይኛው ቀዳዳ አንድ በአንድ የሚያስገባ አለ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። በቀዳዳ የገባው ይቆጠራል፣ በእፍኝ የተገለበጠው ላይቆጠር ይችላል። ከዚያም የሚብሰው፣ በእፍኝ መካከል አንዲት ዳይም ኒክል ቱቦ ውስጥ ትገባለች። ትንሽ ስለሆነች ጋደል ብላ ትቆማለች፣ ከላይዋ አርባ ኒክል ይጫናታል፣ የመክፈያው ሞተር ደግሞ እየጮኸ ምንም አይገፋም። ቱቦውን አውርዶ መዘርገፍ ብቻ ነው የሚያድነው።

ከማሽኑ ውጭ፣ ከእኛ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ቦታ፣ ሳንቲም የሚመታው መንግሥት ራሱ የሜኩን ጠባይ ሲፈራ መኖሩን ሳውቅ ለዚህች ሳጥን ያለኝ አክብሮት ጨመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኒክል የተባለው ማዕድን ለጦር ሲፈለግ አሜሪካ ከ1942 እስከ 1945 የአምስት ሳንቲሟን ከ56 በመቶ መዳብ፣ 35 በመቶ ብርና 9 በመቶ ማንጋኒዝ ሠራች፤ ቅይጡ የተመረጠው ማሽኖች እንዳይተፉት ጭምር ነው። በ1943 የተመታው የብረት ፔኒ ግን ማግኔት ይይዘዋልና ማሽኖቹ እንደ ሐሰተኛ ቆጠሩት። ዋናው ነገር የመጣው በ1965 ነው። ብር ተወደደና ከዳይምና ከኳርተር መውጣት ነበረበት። በቦታው መዳቡን መካከል አድርጎ በሁለት ወገን የመዳብና የኒክል ቅይጥ የለበሰ ሳንቲም ተመረጠ፤ ይህ ሳንቲም ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍበት መጠን ለማሽኖቹ ብር ስለሚመስል በአገሩ ሁሉ የተተከሉትን ሜኮች መቀየር አላስፈለገም። በ1979 የወጣው የአንድ ዶላር ሳንቲም በመልክ ከኳርተር ጋር እየተምታታ ሰው ጠላው፤ በ2000 ወርቃማው ሲተካው የማንጋኒዝ ነሐስ ልብሱ እንዲሁ የተቀመመው ለሰው ዓይን የተለየ፣ ለሜኩ ግን ያው እንዲሆን ነው። ብሪታንያ ግን በ2012 የ5 እና የ10 ፔንስ ሳንቲሞቿን ኒክል ወደ ተቀባ ብረት ለውጣ ውፍረታቸውን ስትጨምር የማሽን ባለቤቶችና የመኪና ማቆሚያ አስተዳዳሪዎች ሜኮቻቸውን በራሳቸው ወጪ አስተካከሉ፤ በ2017 ባለ አሥራ ሁለት ጠርዙ ፓውንድ ሲመጣም እንዲሁ ሆነ።

ካርድና ስልክ ማስነካት ይህን ሁሉ ያስቀረዋል የሚሉ አሉ። ሥራውን ይቀንሰዋል፤ ልብስ ማጠቢያ ቤት የሚመጣ ሰው ግን እጁ ላይ ኳርተር አለ።

ሜኩ በእርግጥ የሚታለልበት ቦታ ድንበር ነው። የደቡብ ኮሪያ 500 ዎንና የጃፓን 500 የን ሁለቱም 26.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበራቸው፣ ቅይጣቸውም አንድ። ዎኑ 7.7 ግራም፣ የኑ 7.2 ግራም ነበርና ሰዎች ዎኑን በመሰርሰሪያ እየሸረፉ አቀለሉት፤ ዋጋው ግን የየኑን ሩብ እንኳ አያህልም። ጃፓን በ2000 ቅይጡን ለወጠች፣ በ2021 ደግሞ ሁለት ቀለም ያለው ሌላ ሳንቲም አወጣች። በአውሮፓ የታይላንድ 10 ባት ለ2 ዩሮ ያሳሳተ ጊዜ ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት ሌላ አለ፤ የፊሊፒንስ 1 ፔሶና የኤምሬትስ 1 ዲርሃም ሁለቱም 24 ሚሊ ሜትር ስለነበሩ፣ የዲርሃም አንድ አሥረኛ ዋጋ የማይሞላው ፔሶ ማሽን ውስጥ እንደ ዲርሃም ይቆጠር ነበር።

ይህን አንድ ማታ ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ቦርሳውን ፈትሾ ከአዲስ አበባ በኪሱ የመጣች 50 ሳንቲም አወጣ። በዓይን ሲያዩዋት ከኳርተር ብዙ አትርቅም። በአውራ ጣቱ አንበሳዋን ወልወል አደረጋትና ወደ ማሽኑ ሄዶ ቀዳዳው ላይ ለቀቃት። እኔ ከማድረቂያዎቹ ወዲያ ነበርኩ።

ጢቅ፣ ጢቅ፣ ክልልል።

«ተፋ» አልኩት።